ከቶኑ በፊት ቁመቱ

መኪናውን ቤቱ ራሱ የሚሠራ ሰው ስለ ክሪክ ምክር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ቶን ልግዛ?» ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቶኑ ነው፤ ሻጩም አስቀድሞ የሚጠራው እሱን ነው። ከመሬት ከፍ ላለ ፒክአፕ ግን ቶን ከጉዳዮቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። መካከለኛ ፒክአፕ ባዶውን 2 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ትልልቆቹ 2.5 ቶንና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። ክሪክ ደግሞ መኪናውን በሙሉ አይሸከምም። ከፊት ወይም ከኋላ ሲነሳ ግማሽ ያህሉን፣ በአንድ ጎማ በኩል ሲነሳ ከዚያም ያነሰውን ነው የሚሸከመው። ጤነኛ ባለ 3 ቶን ክሪክ ለአብዛኛው ፒክአፕ ይበቃል። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ተሸክሞ ባዶውን 3.5 ቶን ለሚመዝን መኪና ባለ 4 ቶን እመርጣለሁ፤ የፊቱ ብቻ ከ2 ቶን ሊያልፍ ይችላልና። የቶኑ ነገር እዚህ ላይ ያልቃል።

የቁመቱ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። እጀታው ረጅም ሆኖ በትንንሽ ጎማዎች መሬት ላይ እየተንከባለለ ከመኪናው ሥር የሚገባው ተራ የወለል ክሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከ33 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ይነሳል። ለፒክአፕና ለፎር ዊል ተብሎ የሚሠራው ከ45 እስከ 53 ይደርሳል። 60 እና 70 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱም አሉ። የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ሻጩ ሊነግራችሁ አይችልም፤ የሚነግራችሁ መኪናው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ መኪናው ሥር አጎንብሱ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የጎማው ንፋስም ልክ ይሁን። ሁለት ቦታ ለኩ፦ ከመሬት እስከ ሻንሲው ማለትም የመኪናው አካል የተጫነበት ዋና ብረት ታች፣ ከመሬት እስከ ኋላ አክስሉ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ቱቦ ታች። ለምሳሌ የጎማው ቁመት 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒክአፕ እንውሰድ። ክብደቱ ጎማውን ስለሚጫነው የጎማው መሃል ከመሬት 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ይሆናል። የአክስሉ ቱቦ 8 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር ታችኛው ገጹ 34 ላይ ነው። ሻንሲው ግን 50 ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን የኋላ ጎማ መፍታት ፈለግን እንበል። ክሪኩን ከጎማው አጠገብ፣ አክስሉ ሥር ካስገባነው አክስሉ ሲነሳ ጎማው አብሮ ይነሳል። የተጨፈለቀው ጎማ እስኪቀና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ንፋስ የሞላ ሌላ ጎማ እንዲገባ ጥቂት ጨምረን በጠቅላላው 10 ብንል፣ የሚያስፈልገን ከፍታ 44 ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ጎማ ሻንሲውን አንስተን እንፍታ ብንልስ? ክሪኩ ይነሳል፤ ሻንሲው ይነሳል፤ ካሶኑ ይነሳል፤ ጎማው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ተጭኖ የነበረው ባሌስትራ፣ ማለትም አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የብረት ሞላ፣ ክብደቱ ሲቀልለት እየተለጠጠ አክስሉን ወደ ታች ይገፋዋል። ከጎን ቁጭ ብላችሁ ብታዩት፣ በጎማውና በላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት በእጀታው ግፊት ቁጥር ይሰፋል። መጀመሪያ እጅ ብቻ የነበረው ክፍተት ቀስ በቀስ ጭንቅላት የሚያስገባ ይሆናል፤ ጎማው ግን አሁንም መሬቱን ተደግፎ ቆሟል። እንዲህ እያለ 15፣ አንዳንዴም 20 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። 50 ላይ 18 ጨምሩ፤ ጎማው ከመሬት እንዲላቀቅ 5 ጨምሩ፤ 73 ሴንቲ ሜትር መጣ። መኪናው ያው ነው፤ ጎማውም ያው ነው። የተለወጠው ክሪኩ የነካው ቦታ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ግን 29 ሴንቲ ሜትር።

እኔ ክሪክ የምመርጠው ከዚህ ስሌት ተነስቼ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰውን ግዙፍ ክሪክ ፍለጋ የሚንከራተቱ ብዙ ሰዎች መኪናቸውን በአክስሉ ቢያነሱ 50 የሚደርሰው በደንብ ይበቃቸው ነበር። ዝቅ ብሎ የተነሳ መኪና የበለጠ የረጋ ነው፤ አካሉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በትንሽ ግፊት ወደ ጎን መሄድ ይቀልለዋል። አስገዳጅ ነገር ከሌለ አንዲትም ሴንቲ ሜትር በትርፍነት አላነሳም። ባሌስትራውን ራሱን ወይም ሾክ አብሶርበሩን ለመፍታት አክስሉ መንጠልጠል ካለበት ግን ሻንሲውን ማንሳት ግድ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ቤታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ያን ጊዜ ረጅሙን ክሪክ ግዙ።

የፊቱ ነገር ከመኪና መኪና ይለያል። የፊት ጎማዎቹ እየብቻቸው በሚወዛወዙበት ፒክአፕ ላይ አንድ ጎማ ለማንሳት ጥሩው ቦታ ብዙ ጊዜ የታችኛው ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው፤ በተቻለ መጠን ወደ ጎማው ተጠግቶ፣ ጫፉ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ቦል ጆይንቱን ሳይነካ። ለዚህ ግን ፈራጁ ከመኪናው ጋር የሚመጣው መመሪያ ነው። መመሪያው የማንሻ ቦታዎቹን በሥዕል ያሳያል፤ እዚያ ያልተፈቀደን ቦታ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ስላየሁ ብቻ አልጠቀምበትም። የኋላ ዲፈረንሻሉን፣ በአክስሉ መሃል ያለውን የማርሽ ቤት፣ መሃል ለመሃል ማንሳትም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም ጎማ ባንድ ጊዜ ስለሚያነሳ ምቹ ነው፤ ነገር ግን መኪናው በአንድ ነጥብ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል፤ አንዳንድ አምራቾችም ይከለክሉታል። በተፈቀደበትም ቢሆን የክሪኩ ራስ ከኋላ በኩል ባለው ስስ የላሜራ ክዳን ላይ ማረፍ የለበትም፤ ክዳኑ ይጎብጥና ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ሁለተኛው የቁመት ቁጥር ደግሞ ዝቅተኛው ነው። ረጃጅሞቹ ክሪኮች ሙሉ በሙሉ ወርደውም ከ14 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቆማሉ። ለከፍተኛ መኪና ይህ ምንም አይመስልም። ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲተነፍስ ግን አክስሉ በዚያ በኩል ብዙ ይወርዳል፤ ክሪኩ ላይ ማራዘሚያ ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ላይገባ ይችላል። ስትለኩ የተነፈሰውን ቀን አስቡት።

ረጅም ክሪክ ለምን እንደሚከብድና እንደሚወደድ ለመረዳት ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ይረዳል። መሠረቱ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን ያስረዳው የፈሳሽ ግፊት ሕግ ነው፤ ጆሴፍ ብራማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1795 እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ ሕግ ለሚሠራ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በእጀታው የምንገፋው ትንሽ ፒስተን 1 ሴንቲ ሜትር፣ ዘይቱ የሚገፋው ትልቁ ፒስተን 4 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ቢኖራቸው የትልቁ ገጽ 16 እጥፍ ስለሚሰፋ ኃይሉም 16 ጊዜ ይባዛል። እጀታው ራሱ 20 ጊዜ ካባዛው ጠቅላላው 320 ይሆናል፤ በ20 ኪሎ ግፊት 6.4 ቶን ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን ወደ መኪናው አይደርስም። ትልቁ ፒስተን የሚገፋው የማንሻ ክንዱን ከማጠፊያው አጠገብ ነው፤ መኪናው የሚያርፈው ደግሞ በክንዱ ጫፍ ላይ ነው። በከፍታ ያገኘነውን በኃይል እንከፍላለን። ክንዱ ኃይሉን ለአራት ቢያካፍለው 1.6 ቶን ይቀራል፤ ክንዱን አርዝመን ለአምስት ብናካፍለው 1.28። ስለዚህ ከፍ የሚል ክሪክ ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ጠንካራ ፓምፕ፣ የበለጠ ወፍራም ብረት፣ የበለጠ ረጅም አካል ያስፈልገዋል። ባለ 3 ቶን ሆኖ 70 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቀላልና አጭር ክሪክ ሲያሳዩኝ የማልገዛው ለዚህ ነው። ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ተቀንሷል ማለት ነው።

አሉሚኒየሙ ለመሸከም ቀላል ነው፤ ብዙ ቦታ ይዞ ለሚዞር ሰው ዋጋ አለው። አንድ ጥግ ለሚቀመጥ የቤት ክሪክ ግን ብረቱን እመርጣለሁ።

አሁን ወደምወደው ነጥብ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነው። የወለል ክሪክ ራስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም። ክንዱ በማጠፊያው ዙሪያ ስለሚዞር ራሱ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ እጀታው በኩልም ይሳባል። ራሱን አግድም አድርጎ የሚያቆየው ከጎን ያለው ቀጭን ዘንግ ነው። መኪናው ቆሞ ራሱ ከተሳበ ክሪኩ በጎማዎቹ ተንከባሎ ወደ መኪናው ሥር መግባት አለበት። ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱት፦ በእያንዳንዱ ግፊት ክሪኩ ጥቂት ጥቂት ወደ ፊት ይንፏቀቃል። ጠጠር ወይም ለስላሳ አፈር ላይ ግን እነዚያ ትንንሽ የብረት ጎማዎች ተቀብረው ይቀራሉ። ክሪኩ መሄድ ሲያቅተው ወይ መኪናውን ወደራሱ ይስባል፤ ወይ ራሱ ከአክስሉ ሥር እያዳለጠ ይወጣል። ክንዱ በረዘመ መጠን ቅስቱም ስለሚሰፋ ለከፍተኛ ፒክአፕ የሚገዛው ክሪክ ከአጭሩ ይልቅ ለወለል ንጹሕነት ያስቸግራል።

ወለላችሁ ሲሚንቶ ካልሆነ ለክሪኩ መንገድ አዘጋጁለት፤ ወፍራም ላሜራ ወይም ድርብ ኮምፔንሳቶ፣ ከክሪኩ ርዝመት ተርፎ ክሪኩ ሊንከባለልበት የሚችል። አስፋልትም ቢሆን በጠራራ ፀሐይ ይለሰልሳል፤ ስታንድ፣ ማለትም የተነሳው መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ፣ ሲቆምበት እግሩ ይሰጥማል። ክሪክ ስትገዙ ጎማዎቹን አዟዙራችሁ እዩ። ሰፋ ያሉ፣ ከኋላ ያሉት በነፃ የሚዞሩ፣ ግራሶ የሚቀበሉ ከሆኑ ጥሩ ነው።

ክሪኩ መሄድ አለበት፤ መኪናው ግን በፍጹም መሄድ የለበትም። እዚህ ላይ ሰው በማርሽ ይተማመናል። አውቶማቲኩን ፒ ላይ፣ ማንዋሉን አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጎ አንድ የኋላ ጎማ ያነሳል። ካምቢዮው የሚይዘው ግን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው፤ ጎማዎቹን አይደለም። በመካከል ዲፈረንሻሉ አለ፤ ሥራው ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። ዘንጉ ተይዞ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከሆነ፣ መሬት ላይ የቀረው ወደ ፊት ሊዞር ይችላል፤ አየር ላይ ያለው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይዞራል። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ ይንከባለላል ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ሲነሱ ፍሬኑ የሚይዘው አየር ላይ ያሉትን ነው፤ የፊቶቹ ነፃ ናቸው። በአንዳንድ ከባድ መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ ራሱ የሚይዘው ዘንጉን ስለሆነ ከማርሹ አይሻልም። ፎር ዊሉን ማስገባት ይረዳል፤ እኔ የምተማመነው ግን መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ በማስቀምጠው ታኮ ነው። ክሪክ ስትገዙ በዚያው ቀን ታኮም ግዙ፤ ለፒክአፕ ጎማ የሚመጥን ትልቅ፣ መሬት የሚቆነጥጥ።

ቁመት ሲያጥር ሰው የሚያደርገውን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ክሪኩ ላይ የእንጨት ጉማጅ ይደራርባል። ጠንካራ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ሰፊ ጉማጅ ከክሪኩ ሥር መሆን ይችላል፤ ያውም ክሪኩ ሲንከባለል እንዳይወርድበት በቂ ስፋት ካለው። ከክሪኩ ራስ በላይ ግን ቅስቱ እየገፋው ስለሚወጣ የተደራረበ ነገር ይገለበጣል። ብሎኬት ደግሞ የትም ቢሆን አይገባም። እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ አሳይቶ አያስጠነቅቅም፤ ባንድ ጊዜ ፍርክስክስ ይላል። የሚታመነው ማራዘሚያ የክሪኩ አምራች ለዚያው ክሪክ የሠራው፣ ራሱ ወጥቶ በቦታው ላይ ጥልቅ ብሎ የሚሰካው ነው። እሱም ቢሆን ከክሪኩ የመሸከም አቅም ሊቀንስ ስለሚችል መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አሁን ስታንዱን ላንሳ፤ ክሪክና ስታንድ እኔ ዘንድ አንድ ግዢ ናቸው። ክሪክ ማንሻ ነው። ዘይቱ በአንዲት ጎሚኒ ነው የሚያዘው፤ ያቺ ጎሚኒ ብትቀደድ መኪናው ይወርዳል። ስታንድ ላይ ያላረፈ መኪና ሥር እጄን እንኳ አላስገባም፤ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ የወደቀ ብሎን ለማንሳትም ቢሆን። መኪና ሥር ስገባ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ያውቃል፤ ልጆች አጠገቡ አይመጡም።

ለከፍተኛ ፒክአፕ የስታንድ ምርጫም ከቶን ይልቅ በቁመት ይወሰናል። ባለ 3 ቶን ስታንድ በአብዛኛው ከ29 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ባለ 6 ቶኑ ከ38 እስከ 60። ከላይ ባሰላነው ፒክአፕ አክስሉ 44 ላይ ሲነሳ ትንሹ ስታንድ ጫፉ ድረስ ተመዞ ነው የሚደርስለት፤ ሻንሲው ሥርማ ከነጭራሹ አይደርስም። ባለ 6 ቶኑን የምገዛው 6 ቶን ስላለኝ አይደለም። እግሩ ሰፊ ስለሆነና በምፈልገው ከፍታ ላይ ገና ከመካከሉ ስላልተመዘዘ ነው። የተጻፈው ቶን ለአንዱ ይሁን ለጥንዱ ማየትም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስታንዶች ከገበያ እንዲመለሱ ተጠርተዋል፤ የማርሽ ጥርሳቸውና የሚይዘው ጥፍር በደንብ ስለማይነካኩ ጭነት ላይ ሊያዳልጡ ይችሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጥርሱ በተጨማሪ በወፍራም ፒን የሚቆለፍ ስታንድ ካልሆነ አልወስድም። መኪናውን ስታወርዱበት ጥርሱ ላይ ያረፈውን ጥፍር ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ግማሽ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ የክሪክ ዓይነቶች ቦታ አላቸው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ክሪክ ለመንገድ ጥሩ ነው፤ ርካሽና ብርቱ ነው፤ መቀመጫው ግን ጠባብ ነው። ፓራውልት እየያዘ የሚያነሳው ረጅሙ ባለ ጥርስ ማንሻ ጭቃ ውስጥ ለሰመጠ መኪና ይጠቅማል። እሱን ቤት ውስጥ ለጥገና አልጠቀምበትም፤ መኪናው በላዩ ይወዛወዛል፤ እጀታውም ካመለጠ መንጋጋ ይሰብራል።

ሱቅ ስትሄዱ እጀታውን ይዛችሁ ባዶውን እስከ ጫፍ አንሱት። ሁለት ፓምፕ ያለው ከሆነ በጥቂት ግፊት አክስሉ ድረስ ይደርሳል፤ ለከፍተኛ መኪና ይህ ብዙ ድካም ያስቀራል። ከኋላ ሆናችሁ አክስሉን የምታነሱ ከሆነ እጀታው ወደ ላይ ሲወጣ ፓራውልታችሁን እንዳይመታ ርቀቱን አስቡ፤ በፒክአፕ ከፓራውልቱ እስከ አክስሉ ከ1 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ማውረጃውን ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ጥሩ ክሪክ በትንሽ መዞር በትንሹ ይወርዳል፤ መጥፎው ወይ አይወርድም ወይ ባንዴ ይወርዳል፤ በመካከል ሌላ ነገር የለውም። ብየዳዎቹን በጣታችሁ ዳስሱ። ከመጠን በላይ ሲጫን ዘይቱን የሚያስመልጥ ቫልቭ እንዳለው መመሪያው ላይ ፈልጉ፤ አውሮፓ ውስጥ EN 1494፣ አሜሪካ ውስጥ ASME PASE የሚለው የደኅንነት ደረጃ የተጻፈበት ከሆነ በዚያ ደረጃ ተሠራ ተብሏል ማለት ነው።

አዲስ ክሪክ ከነአየሩ ሊመጣ ይችላል። ማውረጃውን ከፍታችሁ እጀታውን ደጋግማችሁ ሙሉ በሙሉ ግፉ፤ አየሩ ይወጣል። ዘይት ከጎደለው የሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት ብቻ ጨምሩ። የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ቀጥሎ መኪናውን በአክስሉ ጥቂት አንሱት፤ ስታንዱን ሳይነካ ከሥሩ አስጠግታችሁ አቁሙ፤ ከመሬት እስከ ክሪኩ ራስ ያለውን በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከቀነሰ ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ቀን መልሱት።